እንጦጦ ፓርክ፦ የተሠራበት ብርና የሚኖርበት ብር

ስለ መናፈሻ ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ ዛፍና ወደ አበባ ይሄዳል። ብሩ ይረሳል። ዛሬ የማወራው ስለ ብሩ ነው፤ ምክንያቱም አዲስ አበባ ውስጥ መናፈሻ የሚሞተው ችግኝ የሚተክል ሰው ጠፍቶ አይደለም። ለተከላማ ሰው ሞልቷል፣ ክረምት በገባ ቁጥር ዶማና አካፋ ይዞ የሚወጣው ሕዝብ ለጉድ ነው። መናፈሻ የሚሞተው ከተመረቀ በኋላ ነው። ቧንቧ ሲሰበር የሚቀየርበት፣ መጸዳጃ ቤት የሚታጠብበት፣ የማታ መብራት የሚከፈልበት፣ ጥበቃው በወሩ መጨረሻ ደመወዙን የሚያገኝበት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ቀድሞ ያሰበ ሰው ሲጠፋ ነው።

ይህን በደንብ ለማየት ከእንጦጦ ፓርክ የተሻለ ጉዳይ አላገኘሁም። ከከተማዋ ሰሜናዊ ዳር፣ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ያለው ይህ ቦታ ከተማችን የምታውቃቸውን የገንዘብ መንገዶች አብዛኞቹን አይቷል። የማኅበር ሥራ አይቷል፣ የባለሀብት መዋጮ አይቷል፣ የመንግሥት እጅ አይቷል፣ ገብቶ የሚነግድ የግል ድርጅትም አይቷል። እያንዳንዱ ብር የራሱ ጠባይ አለው። ልዩነቱ የሚታየው ደግሞ ቆይቶ ነው።

ከፓርኩ በፊት የነበረው ተራራ

እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃ ወርደው አዲስ አበባን ከመቆርቆራቸው በፊት ቤተ መንግሥታቸው እዚሁ ላይ ነበር። ብርዱ ከባድ ነው፣ ማገዶውም እያለቀ ሄደ። ከተማዋ ከተራራው ግርጌ ተቆረቆረች፣ ማገዶ መፍጀቷን ግን አላቆመችም። ባሕር ዛፍ የመጣው ለዚህ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ተራራውን ሸፈነው፣ ከተማዋም ማገዶዋንና የቤት ማገሯን ከዚያ አገኘች።

ያም ሆኖ ባሕር ዛፍ ብቻውን የወረሰው ዳገት ሥር ሌላ ነገር እንደ ልብ አይበቅልም። መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፣ ሐምሌና ነሐሴ ዶፉ ሲወርድ አፈሩን ጠራርጎ ወደ ታች ይወስደዋል። ቀበናና ቀጨኔ ወንዞች የሚነሡት ከዚሁ ተራራ ስለሆነ ላይ የሚበላሸው ነገር ታች ያለውን ሰፈር ይነካል። ከፓርኩ ከብዙ ዓመታት በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር 1300 ሄክታር ገደማ በሆነ መሬት ላይ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በጽድ፣ በወይራ፣ በኮሶና በመሳሰሉት አገር በቀል ዛፎች የመተካት ሥራ ይዞ ነበር። ሪባን የሚቆረጥበት ሥራ አይደለም። ባሕር ዛፍ ትነቅላለህ፣ ጽድ ትተክላለህ፣ ጽዱ እስኪያድግ ደግሞ ፀጉርህ ይሸብታል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚፈልገው ትንሽም ቢሆን ሳይቋረጥ የሚመጣ ብር ነው። ነጥቤም እዚህ ላይ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ትልቅ ብር ይህ ጠባይ አልነበረውም።

የ5 ሚሊዮን ብሩ ሳህን

በ2011 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት የሚባለውን ይፋ አደረጉ። ከእንጦጦ ጀምሮ ወደ አቃቂ የሚወርዱትን ወንዞች ዳር 56 ኪሎ ሜትር ያህል ለማልማት ነበር ሐሳቡ፣ የተገመተለት ገንዘብም 29 ቢሊዮን ብር። ለዚህ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ግንቦት 11 ቀን 2011 ቤተ መንግሥት ውስጥ ገበታ ለሸገር የተባለው እራት ተዘጋጀ። የአንድ ሰው ሳህን 5 ሚሊዮን ብር። ባንኮች፣ ትልልቅ ድርጅቶች፣ ባለሀብቶች ከፍለው ገቡ። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያ እራት ነበር።

ሐሳቡን አልጠላውም። ብዙ ነገር አሳይቶናል። በመጀመሪያ፣ መናፈሻ ለሀብታም ድርጅት ገንዘቡን የሚያወጣበት ቁም ነገር ሊሆን እንደሚችል አሳየ። ከዚያ በፊት ለመናፈሻ 5 ሚሊዮን ብር አምጡ ቢባል ማን ይሰማ ነበር? ሁለተኛ፣ ገንዘቡ በአንድ ምሽት ስለሚሰበሰብ ሥራ ቶሎ ይጀመራል። በጀት እስኪጸድቅ፣ ጨረታ እስኪወጣ፣ ቅሬታ እስኪታይ ዓመት ሁለት ዓመት የሚፈጅባት ከተማ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 29 ቢሊዮን ብርን ለ5 ሚሊዮን ስናካፍለው 5800 ሳህን ይመጣል። 5800 ሰው እያንዳንዱ 5 ሚሊዮን ብር ከፍሎ የሚቀመጥበት አዳራሽም የለም፣ አገሪቱ ውስጥ ያን ያህል ከፋይም በአንድ ሰሞን አይገኝም። 200 ሳህን ቢሸጥ 1 ቢሊዮን ብር ነው፣ ያም ከ29 አንዱ እጅ ነው። ስለዚህ እራቱ የጠቅላላውን ወጪ ሸክም ሊሸከም የታሰበ አይመስለኝም። በር ከፋች ነበር። ቀሪውን የሚሸከመው መንግሥትና ሌላ አጋዥ ነው፤ ለምሳሌ ሸራተን አካባቢ ያለውን የወዳጅነት ፓርክ ስናይ የቻይና መንግሥት እርዳታ ትልቅ ድርሻ አለው። ስሙም ከዚያ ነው የመጣው።

ሌላው የሳህኑ ጠባይ፣ አንዴ ይበላል። ከፋዩ ስሙ ተነሥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ምርቃቱን አይቶ ግዴታው አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት «የእንጦጦ ሣር ደረቀ፣ ና ድገመን» ብትለው መልሱ ይታወቃል። እንዲያውም ከዓመት በኋላ ገበታ ለሀገር መጣና ሳህኑ 10 ሚሊዮን ብር ሆኖ ትኩረቱ ወደ ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ሄደ። ይህ ወቀሳ አይደለም፣ የመዋጮ ተፈጥሮው ነው። መዋጮ ሁልጊዜ አዲስ ነገር ይፈልጋል። ቧንቧ ለመጠገን ማንም አዳራሽ አይሞላም።

ከምርቃቱ ማግስት

እንጦጦ ፓርክ መስከረም 30 ቀን 2013 ተመረቀ። የእግር መንገዶች፣ የስፖርት ቦታዎች፣ ምግብ ቤቶችና ካፌዎች፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሥዕል ማሳያ ያሉበት ትልቅ ቦታ ነው። እንደ ኩሪፍቱ ያለ ድርጅት ገብቶ በገመድ የሚንሸራተቱበትን፣ በፈረስ የሚሄዱበትን መዝናኛ ከፈተ። የዚያ ሰሞን የሽሮ ሜዳ መንገድ በመኪና ተጨናንቆ መተላለፊያ ጠፍቶ ነበር። ሕዝቡ ቦታ ተርቦ እንደነበረ ያኔ በግልጽ ታየ። ልጅ ይዞ ወጥቶ ሣር ላይ መቀመጥ የሚቻልበት ቦታ ማጣት ምን እንደሆነ የምናውቅ እናውቀዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ይህን የሚያህል ቦታ በየወሩ ምን ይበላል?

ደመወዝ ይበላል፣ ያውም ትልቁን። አትክልተኛ፣ ጽዳት፣ ጥበቃ፣ ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ቧንቧ የሚሠራ። ውሃ ይበላል። ክረምት ላይ እንጦጦ ውሃ አይቸግረውም፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ግን ፀሐዩ ደረቅ ነው፣ ነፋሱም አለ። አዲስ የተተከለ ሣር ሳምንት ውሃ ካጣ ይገረጣል፣ ወር ካጣ ከነሥሩ ይደርቃል። ውሃውን ዳገት ላይ ለማውጣት ፓምፕ ያስፈልጋል፣ ፓምፑ መብራት ይፈልጋል። ደረቁ ወቅት ሌላ ሥጋትም አለው። ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ዘይት አለው፣ የረገፈው ቅጠል ሥር ከተጠራቀመ አንድ የሲጋራ ቁራጭ ይበቃዋል። የእሳት መከላከያ መስመር ጠርጎ መያዝ በየዓመቱ ሰው ይፈልጋል።

ዕቃው ደግሞ አለ። የፓምፕ መለዋወጫ፣ የሣር ማጨጃ ማሽን፣ የመጫወቻ ዕቃ፣ መብራቱ፣ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ፓርኩ ሲሠራ የነበረው የዶላር ዋጋና የዛሬው አይገናኙም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያው ፓምፕ፣ ያው መብራት፣ ዋጋው ግን እጥፍ። የጥገና በጀቱ ከዚያ በፊት በነበረው ስሌት የተያዘለት መናፈሻ ሁሉ ግማሽ ጥገናውን አጣ ማለት ነው፣ ማንም ከበጀቱ አንዲት ሳንቲም ሳይቀንስበት።

ቋቱ

አሁን የምነካው ነገር ትንሽ ደረቅ ነው፣ ታገሡኝ፤ ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው።

አንድ የመንግሥት መናፈሻ በር ላይ 20 ብር ትኬት ቢቆርጥ፣ መኪና ማቆሚያ ቢያስከፍል፣ ካፌውን ቢያከራይ፣ ያ ብር የማን ነው? አብዛኛው ሰው የመናፈሻው ይመስለዋል። በመንግሥት ፋይናንስ ሥርዓት ግን በደንቡ የሚሰበሰብ ገቢ ወደ አንድ ቋት፣ ማለትም ወደ መንግሥት የጋራ ካዝና ነው የሚገባው። መናፈሻው የሚያገኘው በጀት ተጠይቆ፣ ተከልሶ፣ ተቀንሶ የሚጸድቅለትን ነው። በሰበሰበው ልክ አይደለም። ብዙ ቢሰበስብም ትንሽ ቢሰበስብም የሚያገኘው ያው ነው። እንግዲህ በዚህ ሁኔታ የመናፈሻ ኃላፊ ለምን ብሎ ገቢ ለማሳደግ ይደክማል? በሩ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛስ ትኬት ሳይቆርጥ ሰው ቢያስገባ ምን ይጎድልበታል?

በጀት ሲጠየቅ ደግሞ መናፈሻ ከነማን ጋር እንደሚሰለፍ አስቡት። ከመንገድ ጋር፣ ከውሃ መስመር ጋር፣ ከትምህርት ቤት ጋር፣ ከጤና ጣቢያ ጋር። አዲስ አበባ በ1995 በወጣው ቻርተር አዋጅ 361 መሠረት ወጪዋን የምትሸፍነው ራሷ በምትሰበስበው ገቢ ነው፣ ስለዚህ ፉክክሩ ቀላል አይደለም። በአንድ ወቅት መናፈሻን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ስሙ የውበት፣ መናፈሻና ዘላቂ ማረፊያ ልማትና አስተዳደር ኤጀንሲ ነበር። መናፈሻና የመቃብር ቦታ አንድ ላይ። በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው የማን እንደሆነ መገመት አይከብድም።

መፍትሔውን ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልግም። እዚሁ የምናውቀው አለ፣ ጤና ጣቢያ። ድሮ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ከታካሚ የሚሰበስቡት ገንዘብ ወደ ቋት ይገባ ነበር። መድኃኒት ሲያልቅ፣ ጣሪያ ሲያፈስ ብሩን ቢሰበስቡትም ሊነኩት አይችሉም። በ1990 የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ በር ከፈተና ከዚያ በኋላ በወጡ ሕጎች የጤና ተቋማት የውስጥ ገቢያቸውን እዚያው ይዘው እንዲጠቀሙበት ተፈቀደ። አንድ በጣም ብልህ ነገር ደግሞ ተጨመረበት፤ ይህ ገቢ ከመንግሥት በጀት ላይ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። «ራሳችሁ እየሰበሰባችሁ ነውና በጀታችሁን እንቀንስ» ማለት አይቻልም። ወጪውን የሚያጸድቅ ቦርድም አለ፣ የአካባቢው ሰው የሚወከልበት።

ይህ ለመናፈሻ ለምን አይሆንም? በደንብ ይሆናል። እንጦጦ ከካፌው ኪራይ፣ ከመኪና ማቆሚያው፣ ከመዝናኛው የሚገባው ብር በእንጦጦ ስም ባንክ ገብቶ፣ ለእንጦጦ ጥገና ብቻ የሚወጣ ቢሆን፣ ወጪና ገቢው በሩ ላይ ቢለጠፍ፣ ከሽሮ ሜዳና ከጉለሌ የተመረጡ ነዋሪዎች ያሉበት ቦርድ ቢያየው፣ ከአንድ ሌላ 5 ሚሊዮን ብር ሳህን ይልቅ ለዚያ ተራራ ይህ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ከማን ይሰብሰብ?

ቀላሉ መልስ ትኬት ነው። በታላቁ ቤተ መንግሥት ያለው አንድነት ፓርክ መስከረም 29 ቀን 2012 ሲከፈት የመደበኛ መግቢያው 200 ብር፣ የልዩ መስተንግዶው 1000 ብር ነበር። ለአንድነት ፓርክ ምክንያቱ ይገባኛል። ታሪካዊ ቤት አለ፣ ጎብኚ ነው የሚመጣው፣ በዓመት አንዴ ሁለቴ ነው የሚኬደው። እንጦጦ ግን ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት ዳገቱን የሚሮጠው ልጅ፣ ከሰዓት ወጥቶ የሚያጠናው ተማሪ፣ እሑድ ከእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ወጥታ ትንሽ አረፍ የምትል እናት፣ እነዚህን ሰዎች በር ላይ ማቆም መናፈሻውን ከጎረቤቱ መቀማት ነው። አምስት ልጅ ያላት ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ ስትከፍል የወሩ የጤፍ ብር ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፣ በእግሩ የገባ አይክፈል፣ የሚያስወጣ ነገር የሚጠቀም ይክፈል። በመኪና የመጣ ለማቆሚያው ይክፈል፣ ቦታ ይዟልና። በገመድ የሚንሸራተት ይክፈል፣ እሱ ቢዝነስ ነው።

ሰርገኛ ደግሞ ይክፈል። ስለ ሰርገኛ ትንሽ ላውራ። ጥርና ሚያዝያ ቅዳሜና እሑድ የትኛውም የአዲስ አበባ መናፈሻ በር ላይ ብትቆሙ የምታዩት አንድ ነው። በአበባ ያጌጠ መኪና ይመጣል፣ ከኋላው ሚኒባስ፣ ሚዜዎቹ ተመሳሳይ ልብስ ለብሰው ይወርዳሉ፣ ቪዲዮ አንሺው ወደ ኋላ እየሄደ ሣሩ ውስጥ ይገባል፣ ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ አበባው መደብ ጠርዝ ላይ ትቆማለች። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይደርሳል። ለሰርጉ ወጪ ከሚወጣው ብር ውስጥ የመናፈሻው ድርሻ ከቁጥር አይገባም፣ ሣሩን ግን ከማንም በላይ የሚረግጠው የሰርግ ቀን እግር ነው። ብሔረ ጽጌም፣ አምባሳደርም፣ ፒኮክም ይህን ገቢ ያውቁታል። ገቢው ተመዝግቦ እዚያው ቢቀር፣ ሰኞ ጠዋት የተረገጠውን ሣር የሚያስተካክለው አትክልተኛ ደመወዝ ከዚያ ይወጣል።

ከኪራይ ላይ ደግሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ለምግብ ቤት ቦታ አከራይቶ በወር ይህን ያህል ብር ብሎ ለአሥር ዓመት መፈረም ከተማዋን ይጎዳታል። ዛሬ ጥሩ የሚመስል ኪራይ በዚህ የዋጋ ንረት ከአምስት ዓመት በኋላ የሁለት ምሳ ዋጋ ይሆናል፣ ማኪያቶው ግን በየዓመቱ ይጨምራል። ከሽያጩ በመቶኛ የሚታሰብ ኪራይ ቢሆን የካፌው ገበያ ሲደምቅ የመናፈሻውም ኪስ አብሮ ያድጋል። ዝቅተኛ መነሻ ክፍያ ይቀመጥለታል፣ ከዚያ በላይ ግን በመቶኛ። ነጋዴውም ቢሆን ገበያ በጠፋ ወር አይታነቅም።

ከመናፈሻው ውጪ ያለ ገቢም አለ። ጥሩ መናፈሻ ሲሠራ ዙሪያው ያለው ቤትና መሬት ዋጋው ይጨምራል። ይህን ማንም ደላላ ይነግራችኋል። የጨመረውን ዋጋ የሚያገኘው ባለቤቱ ነው፣ የጨመረው ግን በሕዝብ ብር ነው። አዲስ አበባ የጣራና ግድግዳ ግብር የምትሰበስበው በ1968 በወጣ አዋጅ መነሻነት ነበር፣ ተመኑ የተከለሰው በ2015 ነው። በ2017 ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ። ይህ ታክስ ለብዙ ሰው ከባድ ሸክም እንደሆነ አውቃለሁ፣ በተለይ በጡረታ ለሚኖር አባወራ። ግን ከተሰበሰበ አይቀር፣ መናፈሻ ካለበት ሰፈር ከሚሰበሰበው ላይ ትንሽ እጅ ለመናፈሻው ጥገና ተብሎ ቢቀመጥ ከፋዩም የከፈለውን በዓይኑ ያየዋል።

እንጨት ተሸካሚዎቹ

ስለ እንጦጦ ገንዘብ ተጽፎ እነሱ ካልተነሡ ሒሳቡ ጎዶሎ ነው። እናቶችና ልጃገረዶች ከዚያ ተራራ እንጨትና ቅጠል ሰብስበው፣ ከራሳቸው ቁመት የሚረዝም ሸክም ጀርባቸው ላይ አስረው፣ አንገታቸውን ደፍተው በኪዳነ ምሕረት በኩልም በሽሮ ሜዳ በኩልም ሲወርዱ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ሸክሙ ሰፊ ስለሆነ መኪና ሲመጣ ወደ ጎን ዞረው ቦዩ ጠርዝ ላይ ይቆማሉ። የከተማዋ እንጀራ ለአንድ ምዕተ ዓመት የተጋገረው በእነሱ ጀርባ ነው።

ተራራው መናፈሻ ሲሆን የእነሱ ማሳ ነው የተከለለው። ስለዚህ የመናፈሻ ወጪ ሲሰላ የእነሱ እንጀራም የወጪው አካል ነው። ደግሞ ያ ተራራ የትኛው ሸለቆ ውሃ እንደሚይዝ፣ የትኛው ጥግ ቅጠል እንደሚጠራቀምበት ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አትክልተኛ፣ የእሳት መስመር ጠራጊ፣ ችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ሲቀጠር ቅድሚያው ለእነሱ መሆን አለበት፣ ያውም በቀን ሠራተኛነት ሳይሆን በቋሚነት። የሚደርቀው ባሕር ዛፍ፣ የሚገረዘው ቅርንጫፍ ራሱ ገበያ አለው፤ ሸጠው የሚካፈሉበት ማኅበር ቢኖራቸው መናፈሻው ይጸዳል፣ እነሱም ይበላሉ።

ከእንጦጦ ወደ ኮንዶሚኒየም

«እንጦጦ ትልቅ ነው፣ እኛን ምን አገባን» የሚል ሰው አይጠፋም። በከተማዋ ዳር ዳር ያለው ግን ያው ጉዳይ ነው፣ መጠኑ ብቻ ነው የሚያንሰው። የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶ ለአረንጓዴ ቦታ፣ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይላል። ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ብትሄዱ በፕላኑ ላይ አረንጓዴ የተቀባ ቦታ በየብሎኩ መካከል አለ። መሬት ላይ ግን አንዱ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል፣ አንዱ የግንባታ ትርፍ አሸዋ ተከምሮበታል፣ አንዱ ላይ ድንኳን ተተክሎ አልወረደም። ከተማዋ ቦታውን ሰጠች፣ ለቦታው የሚሆን ዓመታዊ ብር ግን አላስከተለችም።

እኔ የምኖርበት ግቢም እንዲሁ ነበር። የክረምት ችግኝ እንተክላለን፣ ጥር ላይ ቆሞ የሚገኘው አጥሩ ነው። ነገሩ የተለወጠው ሰው በወር የሚያዋጣው ገንዘብ ላይ «ለግቢው አትክልት» የተባለ ትንሽ ድርሻ ለብቻው ሲቀመጥ ነው። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ከዚህ በፊትም ገንዘብ ይሰበስብ ነበር፣ ግን የጥበቃውና የጽዳቱ ወጪ ይበላውና አትክልቱ ሁልጊዜ «በሚቀጥለው ወር» ይባል ነበር። ገንዘቡ ስም ሲወጣለት ሌላው ወጪ አልነካውም። የውሃ ጎማና መኮትኮቻ ተገዛ፣ ግቢውን የሚያውቁ አንድ አባት ሳምንት ሁለት ቀን ውሃ እንዲያጠጡ ተከፈላቸው። አሁን ልጆች የሚጫወቱበት ሣር አለ። የእንጦጦ የገቢ ሒሳብም የሚፈልገው ይኸው ስም ነው።

ወጣቶችን አደራጅቶ አረንጓዴ ቦታ መስጠትም በብዙ ወረዳ የተለመደ ነው። ችግኝ ይሸጣሉ፣ ጁስና ቡና ይሸጣሉ፣ በምላሹ ቦታውን ይንከባከባሉ። ሲሠራ በጣም ቆንጆ ነው፣ ልጆቹም ሥራ ያገኛሉ። የሚበላሸው ውሉ ላይ የቦታው ድርሻ ሳይጻፍ ሲቀር ነው። መጀመሪያ አራት ወንበር ይወጣል፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ ጥላ፣ ከዚያ የመኪና እጥበት፣ በመጨረሻ ሣሩ ሙሉ በሙሉ ሲሚንቶ ይሆንና መናፈሻው ስሙ ብቻ ይቀራል። ውሉ ለንግድ የሚውለው ከቦታው ይህን ያህል ነው፣ ቀሪው ሁልጊዜ ለሕዝብ ክፍት ነው ብሎ በሜትር ሊጽፈው ይገባል። ወረዳውም በየሩብ ዓመቱ መጥቶ ይለካ።

በመንገድ አካፋይና በአደባባይ ላይ ባንኮችና ድርጅቶች ስማቸውን ጽፈው አበባ የሚያለሙበትን መንገድም አትናቁት። ሰሌዳው ስማቸውን ስለያዘ አበባው ሲደርቅ የሚያፍሩት እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ ውሃ ያጠጣሉ። ችግሩ ሁሉም የሚፈልገው መኪና የሚያልፍበትን ዋና መንገድ መሆኑ ነው። ቦሌ መንገድ ተፎካካሪ ሞልቷል፣ አራብሳ ውስጥ ያለ ግቢ ግን የሚያየው የለም። ከተማዋ አንድ ዋና አደባባይ ለሚፈልግ ድርጅት አንድ የዳር ሰፈር ግቢ አብራ ብትሰጠው፣ ሁለቱንም ካልያዝክ አንዱንም አታገኝም ብትለው፣ ብሩ ከመሃል ወደ ዳር ይደርሳል።

ትንሽ የሚከፍል ብዙ ሰው አይገኝም የሚለውን ደግሞ አልቀበልም። የሕዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ ጀምሮ ስንት የቀን ሠራተኛ ቦንድ ገዝቷል፣ ስንት ሰው በ8100 አጭር መልእክት ልኳል። ሰው ብሩ የት እንደሚሄድ ካወቀና ሥራውን ካየ ይሰጣል። የሚሰጠው ግን ለአንድ ነገር፣ በስሙ ለሚታወቅ ነገር ነው። «ለከተማ ውበት» ቢባል እጁን አይዘረጋም፣ «ለዚህ ግቢ ውሃ» ቢባል ይዘረጋል።

የከተማው የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። የወረዳ በጀት ስንት እንደሆነና ለምን እንደተመደበ በማስታወቂያ ሰሌዳ የሚለጠፍበት አሠራርም አለ፣ ሂዱና አንብቡት። ሰሌዳው ላይ የአረንጓዴ ቦታ እንክብካቤ የሚል መስመር ለብቻው ከሌለ ጥያቄው መነሣት ያለበት በጀቱ ሲዘጋጅ፣ በበጋው ነው። ከሐምሌ 1 በኋላ የሚሄድ ሰው የሚሰማው መልስ «በጀት አልተያዘለትም» የሚል ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ዝናቡ ስለሚያጠጣው ማንም አይጨነቅም፤ ጭንቀቱ ጥር ላይ ሣሩ ሲገረጣ ይመጣል።